የእናቴ ወረፋ

የምሠራው ሆሳዕና ውስጥ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ነው፤ የትኛው እንደሆነ ይቅርብኝ። ዲግሪዬ ላይ የተጻፈው ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ቢሆንም ባልደረቦቼ የሚጠሩኝ "ኮምፒውተሩ" እያሉ ነው። "ኮምፒውተሩ ምሳ ወጥቷል" ወይም "ኮምፒውተሩ ዛሬ ፊቱን አጥቁሯል" ሲባል ስለ እኔ ይሁን ስለ ማሽኑ ለይቶ የሚያውቀው የቆየ ሠራተኛ ብቻ ነው። መጀመሪያ ላይ ይከፋኝ ነበር። በኋላ ግን፣ ከማሽኑ ለይተው ካላዩኝ ማሽኑ ሲመሰገን እኔም ድርሻዬን አገኛለሁ ብዬ ተጽናናሁ። ሲሰደብም ድርሻ እንዳለኝ ያወቅኩት ቆይቼ ነው።

ሥራው በአጭሩ እንዲህ ነው። በሽተኛ ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ይቆምና ስሙን ከነአባቱና ከነአያቱ ይናገራል። ካርድ ክፍሉን የያዙት ትልቅ ሴት ናቸው፤ ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። እትዬ ስሙን ይጽፋሉ፤ እኔ ክፍል ያለው ሰርቨር የተመዘገበውን ሰው ሁሉ አገላብጦ የሚፈለገውን ያወጣል፤ ካርዱም ወደ ሐኪሙ ስክሪን ያልፋል። ሰርቨር አልኩት እንጂ መልኩ ከማንኛውም የቢሮ ኮምፒውተር አይለይም፤ ጠረጴዛዬ ጥግ ላይ የተቀመጠ ጥቁር ሣጥን ነው።

እያንዳንዱ በሽተኛ የካርድ ቁጥሩ የተጻፈባት ብጣሽ ወረቀት ይሰጠዋል። ቁጥሩን ይዞ ለመጣ ሰው ማሽኑ ወዲያው ያገኝለታል። ግን ማን ይዞ ይመጣል? ወረቀቷ ከሱሪ ኪስ ጋር ትታጠባለች፣ ሕፃን ያኝካታል፣ አለዚያም ደህና ቦታ ትቀመጥና ደህና ቦታው ይረሳል። ስለዚህ ፍለጋው በስም ነው። በእኛ አካባቢ ደግሞ አባት ለልጁ ስም ሲያወጣ ወይ ደስታውን ወይ ጸሎቱን ነው የሚናገረው፤ ደስታችንና ጸሎታችን ስለሚመሳሰል ስማችንም ይመሳሰላል። በሀዲይኛ ወይም በከምባትኛ የወጣውን ስም አንዱ ጸሐፊ በአንድ መንገድ፣ ሌላው በሌላ መንገድ ጽፎታል። ማሽኑ ሁሉንም መበርበር አለበት። ሲበረብር ስክሪኑ ላይ አንዲት ትንሽ ክብ ትዞራለች። እትዬ ከወረፋው የሚመጣው ምሬት ሲበዛባቸው ስክሪኑን ወደ መስኮቱ አዞሩት፤ እኔ አይደለሁም፣ እሷ ናት ለማለት ነው።

ኃላፊያችን ጤና መኮንን ናቸው፤ ከልብና ከኩላሊት ውጭ ያለ የማሽን ወሬ እንቅልፋቸውን ያመጣዋል። አንድ ጊዜ ዕቃ እንዲገዛልኝ ፈልጌ በቆጮ አስረዳኋቸው። ሃርድ ዲስክ የሚባለው ከጓሮ ያለው የቆጮ ጉድጓድ ነው አልኳቸው፤ የዓመቱ ሁሉ እዚያ ተቀብሯል። ራም የሚባለው ጓዳው ነው፤ ለዛሬ የሚበቃው ወጥቶ እጅ የሚደርስበት ቦታ ይቀመጣል። ፕሮሰሰሩ ደግሞ ቆጮውን የምትጨምቀው፣ የምትከትፈውና የምትጋግረው ሴት ናት። ጓዳው ከጠበበ ለእያንዳንዷ እፍኝ ጉድጓድ ድረስ መመላለስ አለባት፤ ጉድጓዱ ከራቀ ደግሞ ምሳው ለእራት ይደርሳል። ኃላፊያችን ይህን በሚገባ ተረዱት፤ እንዲያውም ራባቸው። ሴትዮዋ ራሷ ብትታመምስ ብለው ግን አልጠየቁኝም፤ እኔም አላሰብኩትም።

አሁን ወደ እናቴ ልምጣ። እናቴ የምትኖረው አንጋጫ ነው። ጡረታ የወጣች የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ናት፤ ከተማው እስከ ዛሬ "ቲቸር" ነው የሚላት። ለሰዓት ያላት ፍቅር ለልጆቿ ካላት ፍቅር ብዙ የሚያንስ አይመስለኝም። እሑድ ቅዳሴ ላይ አባ ስብከት ካስረዘሙ ሰዓቷን ታያለች፤ አባም እንደምታይ ስለሚያውቁ ወደ እሷ አቅጣጫ አይመለከቱም።

እናቴ ደም ግፊት አለባት። አባቴም በዚሁ በሽታ ነው ያረፈው። ደህና ነኝ፣ ምንም አይሰማኝም እያለ መድኃኒቱን አንዴ ሲወስድ አንዴ ሲተው ቆይቶ፣ አንድ ጠዋት ጓሮ ከእንሰቱ መሀል ወድቆ አገኘነው። ስለዚህ በቤታችን በብዙ ነገር ይቀለዳል፤ በዚያች ትንሽ ክኒን ግን አይቀለድም።

እናቴ አንጋጫ መታከም እየቻለች በየወሩ ሚኒባስ ይዛ በዶዮገና በኩል ሆሳዕና ድረስ ትመጣ ነበር። ለምን ብትባል፣ "የልጄ ኮምፒውተር ያለው እዚያ ነው" ትላለች። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል እንደሚባለው፣ እደጇ ያለውን ጤና ጣቢያ ዞር ብላም አታየውም። መስኮቱ ላይ ቆማ ስሟን ትናገራለች፤ ክቧ ዞራ ሳትጨርስ ካርዷ ይወጣል። ያኔ ከኋላዋ ወደቆመው ሰው ዘወር ትልና፣ ጠየቀም አልጠየቀም፣ "ልጄ ነው" ትለዋለች። እውነቱን ለመናገር ያን ሁሉ መንገድ የምትመጣው ለዚያች ቃል ነበር።

አንድ ቀን ከሐኪም ስትወጣ ክፍሌ ገባችና ሰርቨሩን አየችው። በእናቴ ቤት ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ለብሷል፣ ሬዲዮው ዳንቴል ለብሷል፣ ሶፋው እስካሁን ከነፕላስቲኩ ነው። አንጋጫም ሆነ ሆሳዕና ዕቃውን የሚወድ ሰው ዕቃውን ያለብሳል፤ ራቁቱን የቀረ ዕቃ ባለቤት የሌለው ይመስላል። ያ ሁሉ ሕዝብ የሚስተናገደው በዚህ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አዎ ስላት፣ በዚህ አቧራና በዚህ ብርድ እንዲህ ጥለኸው ብላ አዘነችብኝ። ከዚያ ከቦርሳዋ ክር አውጥታ ቁመቱንና ወርዱን አስለካችኝ። እኔም ዳንቴል ሊመጣ ነው ብዬ በደስታ ለካሁላት።

ለመስቀል አንጋጫ ስገባ፣ ክትፎው ተበልቶ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ጎኑን ባሳረፈበት ሰዓት፣ እናቴ ቁም ሣጥኗን ከፍታ አንድ ነገር አወጣች። ዳንቴል አልነበረም። ሹራብ ነበር። ወፍራም ሰማያዊ ሱፍ፣ በድርብ የተሠራ፣ ከላይ እስከ ታች ልክክ የሚል። ከኋላ ለገመዶቹ ሁለት ቀዳዳ ትታለታለች፤ ከፊት ለማብሪያው የምትገለጥ ትንሽ ክዳን አበጅታለታለች፤ ጠርዙን ዙሪያውን ነጭ አበባ ጠልፋበታለች። ክረምቱን ሙሉ የሠራችው እሱን ነበር። አክስቶቼ እየተቀባበሉ ደባበሱት። አንዷ አክስቴ፣ ይህ ኮምፒውተር የሚባለው ሰውዬ ሚስት አለው ወይ ብላ ጠየቀች።

ሆሳዕና ተመልሼ ሳለብሰው ጤና ጣቢያው በሙሉ መጥቶ አየው። የሕፃናት ክፍሏ ነርስ ከእኔ ልጆች ይልቅ እሱ አማረበት አለች። እትዬ ለስክሪናቸው አንድ እንዲሠራላቸው ለእናቴ መልእክት ላኩ። እኔም በየጠዋቱ ስገባ ሰማያዊ ሹራቡን ለብሶ ጥግ ላይ ቁጭ ብሎ ሳየው ደስ ይለኝ ነበር፤ ብቻዬን የምውል አይመስለኝም ነበር።

ጥቅምት ላይ ክቧ መዞር አበዛች። ጠዋት በር ሲከፈት ማሽኑ ደህና ነው፤ ረፋዱ ላይ ግን ይደክመዋል። ስም ተጽፎ እትዬ መነጽራቸውን አውልቀው፣ ጠርገው፣ መልሰው አድርገው፣ ስለ ልጃቸው ሠርግ አንድ ነገር አውርተው ሲጨርሱ ነው ካርዱ የሚወጣው። ወረፋው ከአግዳሚው አልፎ እስከ ግቢው ዛፍ ደረሰ። ምክንያቱ ግልጽ መሰለኝ፤ ከዶዮገናም ከዳምቦያም የሚመጣው ሰው የሚደርሰው ረፋድ ላይ ነው፣ ሰው ሲበዛ ማሽን ይደክማል። እትዬ በመስኮታቸው አንገታቸውን አውጥተው፣ ቀስ በቀስ እንቁላልም በእግሩ ይሄዳል ሲባል ሰምቻለሁ፣ የአንተው ግን መቼ ነው እግር የሚያወጣው እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር።

በዚህ መሀል የእናቴ ቀጠሮ ደረሰ። ወረፋውን ሳየው በኋላ በር ላስገባት ፈለግኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰልፍ የሚዘል ልጅ ስቀጣ ኖሬ ዛሬ በልጄ በኩል ልዝለል ወይ አለችኝና አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ወገቧን አቅንታ፣ አንዴ ክቧን አንዴ ሰዓቷን እያየች ጠበቀች። የምሳ ሰዓት ደርሶ መስኮቱ ሲዘጋ የእሷ ስም ገና አልተጠራም ነበር። ከሰዓት እስኪከፈት አልጠበቀችም፤ ተነሥታ ወደ መናኸሪያ ሄደች።

ማታ ስደውልላት ድምፅዋ ረጋ ያለ ነበር፤ ይህ ደግሞ ጥሩ ምልክት አይደለም። ግፊቴን ላስታግስ መጥቼ ግፊት ጨምሬ ተመለስኩ፣ ከእንግዲህ አልመጣም አለችኝ። እሺ አንጋጫ ታከሚ አልኳት። እሱንም አይሆንም አለች፤ ለምን ብላችሁ፣ እዚያ ያሉት ነርሶች ሁሉ ተማሪዎቿ ነበሩ፣ ልጅዎ ጋ መሄዱን ትተው ለምን መጡ ቢሏት ምን ትመልሳለች? መድኃኒቱን እኔው ገዝቼ ልላክልሽ ስላት ደግሞ ሳልታይና ሳልለካ የምውጥ ማን አደረገኝ አለች። ነጭ ሽንኩርት እየበላች እንደሆነ ነገረችኝና ስልኩን ዘጋችው። የልጇን በር ትታ ሌላ በር አታንኳኳም፤ የልጇ በር ደግሞ አይከፈትም። እኔ በዚያ ሌሊት የአባቴን እንሰት ሳስብ አደርኩ።

በማግስቱ መናኸሪያው አጠገብ ወዳለው ሱቅ ሄድኩ። ባለሱቁ የጉራጌ ሰው ነው፤ ከሞባይል ሽፋን እስከ ፀሐይ መብራት ድረስ ይሸጣል፤ ኮምፒውተር ሲነገረው እንደ ሐኪም ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚሰማው። መቼ ይብሰዋል፣ ሲነሣ እንዴት ያደርገዋል ብሎ ጠየቀኝና ራም ጨምርለት አለ። ኃላፊያችን ጓዳውን እናስፋ ብለው ፈቀዱልኝ። ጨመርኩለት። ለሁለት ቀን ያህል ትንሽ የተሻለው መሰለ፤ ከዚያ ወደ ዱሮው ተመለሰ።

ተመልሼ ስሄድ ባለሱቁ እንግዲያው ዲስኩ ነው አለ። የሰርቨሩ ሃርድ ዲስክ ውስጡ ሳህን እያሽከረከረ የሚያነብ ዓይነት ነበር፤ የተፈለገው ስም ያለበት ቦታ ዞሮ እስኪመጣ መጠበቅ አለበት። ኤስኤስዲ የሚባለው አዲሱ ግን የሚሽከረከር ነገር የለውም፤ የትም ያለ ስም እኩል ቅርብ ነው። ለኃላፊያችን ጉድጓዱን ከጓሮ ወደ ቤት እናስገባው ነው የምልዎት አልኳቸው፤ እሺ አሉኝ። ተገዛ፣ ገጠምኩት፣ መረጃውን አዛወርኩ፣ ሹራቡን መልሼ አለበስኩት። ጠዋት እትዬ የመጀመሪያውን ስም ጽፈው ሳይጨርሱ ካርዱ ወጣ፤ ደንግጠው እጃቸውን ከኪቦርዱ አነሡ። ልቤ ሞላ። ረፋዱ ላይ ክቧ ተመልሳ መጣች። በዚያን ቀን ከማንም ጋር አላወራሁም፤ ኮምፒውተሩ ፊቱን አጥቁሯል ተብሎ ተወራ፣ ለሁለታችንም ልክ ነበር።

ከዚያ ሳምንት በኋላ ከዞን ጎብኚዎች ሊመጡ ነው ተባለና ጤና ጣቢያው ታጠበ። መጋረጃው፣ የአልጋ ልብሱ፣ ምንጣፉ ሁሉ ወጣ። የጽዳት ሠራተኛዋ የሰርቨሩንም ሹራብ አውልቃ አጥባ አጥር ላይ አሰጣችው። በዚያ ቀን ማሽኑ ከጠዋት እስከ ማታ አንድም ጊዜ አልደከመውም። ወረፋው አለቀ። እትዬ ሥራ ፈትተው ሹሩባ የሚሠሩ ልጃገረዶችን በመስኮት ሲያዩ ዋሉ። ጎብኚዎቹ ኃላፊያችንን አመሰገኑ፤ ኃላፊያችን በጣታቸው ወደ እኔ አመለከቱ። እኔም ፍለጋውን ለማፋጠን ባለፈው ቅዳሜ የሠራሁት አዲስ የስም ማውጫ ውጤቱን እያሳየ ነው ብዬ አምኜ ለጎብኚዎቹ ረጅም ማብራሪያ ሰጠሁ። ማብራሪያዬ ግሩም ነበር፤ አንድም እውነት አልነበረበትም እንጂ።

የዚያኑ ምሽት፣ የደረቀውን ሹራብ መልሼ ካለበስኩት በኋላ፣ እናቴ ጋ ደወልኩ። ተስተካክሏል፣ ስምሽ ከአፍሽ ሳይወጣ ካርድሽ ይወጣል አልኳት። ነገ እመጣለሁ፣ ካልሆነ ግን ሁለተኛ አትጥራኝ አለች።

በማግስቱ መጣች፤ ረፋድ ላይ ደረሰች። ክቧ ትዞራለች። ከክፍሌ በር ላይ ሆኜ አየኋት፤ እንደዚያኛው ቀን ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ወገቧን አቅንታ ተቀምጣለች፤ ፊቷ ግን ከስቷል፣ ነጠላዋን ደጋግማ እያላቀቀች በጫፉ ታራግባለች። ከፊቷ ያሉት ሰዎች አልንቀሳቀስ አሉ። በመጨረሻ ተነሣች። ተከትያት ሮጥኩ፤ በር ላይ ደረስኩባት። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። በከምባትኛ፣ ሰው እንዳይሰማ ቀስ ብላ፣ ተመለስ፣ ሰዎቹ እየጠበቁህ ነው አለችኝ። ባጃጅ ውስጥ ስትገባ መደገፊያውን በሁለት እጇ ይዛ ትንሽ ቆም አለች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። በጣም ፈራሁ።

ክፍሌ ተመልሼ ገባሁ። ቤታችን የነበረው አሮጌ ቴሌቪዥን ሥዕሉ ሲጠፋ በጥፊ ነበር የምናስተካክለው፤ እኔም ዩኒቨርሲቲ የተማርኩትን ሁሉ ረስቼ ሰርቨሩን በጥፊ ላጮለው እጄን አነሣሁ። መዳፌ ሱፉ ላይ አረፈ። ሱፉ ሞቅ ይላል። እጄን ወደ ውስጥ ሰደድኩ። ብረቱ ያቃጥላል።

የሕፃናት ክፍሏ ነርስ በዚያው ሰዓት ወረቀት ልታትም ገብታ ነበር። ምን ሆንክ ስትለኝ እጄን ከሹራቡ ውስጥ ሳላወጣ በዓይኔ ወደ ማሽኑ አመለከትኳት። መጥታ የእጇን ጀርባ፣ ልክ ሕፃን ግንባር ላይ እንደምታደርገው፣ ማሽኑ ላይ አስቀመጠች።

"ትኩሳት አለው" አለች። "አውልቅለት እንጂ። በየቀኑ ለእናቶች የምንናገረው ይኼንኑ አይደል?"

እውነቷን ነው። የእሷ ክፍል በር ላይ በየቀኑ የሚታይ ነገር ነው፤ እናቶቻችን ልጅ ሲያተኩስ ብርድ መታው ብለው በጋቢ ላይ ብርድ ልብስ ደርበው ያመጡታል፣ ነርሷም መጀመሪያ የምትሠራው ሥራ መገላለጥ ነው። ፕሮሰሰርም ሲግል እንዳይቃጠል ብሎ ራሱ ሥራውን ይቀንሳል። ፋኑ ከፊት ቀዝቃዛ አየር ስቦ በኋላ ያስወጣል፤ እናቴ ግን ለገመድ ቀዳዳ ትታ ለትንፋሽ አልተወችም። ጠዋት ቀዝቅዞ ስለሚያድር ደህና ነው፤ ረፋድ ላይ ያተኩሰዋል። እኔ ጓዳውን አሰፋሁ፣ ጉድጓዱን አቀረብኩ፤ ቆጮ ጋጋሪዋ ሴትዮ ግን በድርብ ሱፍ ተጠቅልላ ትኩሳት ላይ ነበረች። ሹራቡን አወለቅኩ፣ መስኮቱን ከፈትኩ። ጥቂት ቆይቶ እትዬ ከመስኮታቸው ማዶ ምን አደረግከው ብለው ጮክ አሉ። ወረፋው መንቀሳቀስ ጀምሮ ነበር።

ቅዳሜ አንጋጫ ሄድኩ። ሹራቡን አጣጥፌ በፌስታል ይዣለሁ፤ መንገዱን ሙሉ ምን እንደምላት ሳሰላስል ነበር። አቧራ ነው ልበላት? ትመጣና ራቁቱን ታየዋለች። እውነቱን ልንገራት? ክረምቱን ሙሉ የለፋችበት ነው። ከዶዮገና እስከ አንጋጫ አንዱን ሳነሣ ሌላውን ስጥል ደረስኩ።

ቤት ስገባ ሶፋው ላይ ተቀምጣለች፤ ወትሮ የማትቀመጥበት ሰዓት ነው። ራሷን እያመማት እንደሆነ ሳትነግረኝ ገባኝ። ማሽኑ ዳነ አልኳት። ምን ነበር አለች። ሙቀት አልኳት። ሆሳዕና ላይ ሙቀት ብላ በመነጽሯ ላይ አየችኝ። ፌስታሉን ከፍቼ ሹራቡን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። እናቴ አስተማሪ ናት፤ ሁለቴ ማስረዳት አያስፈልጋትም። ሹራቡን አነሣች፣ ገለበጠች፣ ሁለቱን የገመድ ቀዳዳዎች በጣቷ ነካካች።

"ያን ሁሉ ሰው ያሰለፍኩት እኔ ነኛ" አለች።

አይደለሽም፣ ያለበስኩት እኔ ነኝ፣ የተማርኩትም እኔ ነኝ አልኳት። አልሰማችኝም፤ አሁንም ሹራቡን እያየች ነበር።

"አንተንም እንዲህ ነበር የማለብስህ። ትምህርት ቤት ሩጫ ላይ ሁልጊዜ መጨረሻ ትወጣ ነበር።"

"በሁለት ሹራብ ነበር የምሮጠው፣ እማ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

"ታዝኛለሽ ብዬ።"

መጀመሪያ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፤ የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። እየሳቀች ነው። ሳቋ እኔንም ያዘኝ፤ ሁለታችንም ሹራቡን እያየን እስኪደክመን ሳቅን፤ እሷ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። ያኔ ነው በሆዴ የያዝኩት ነገር ከአፌ የወጣው። ዛሬ ግን ብታዝኚም ልነግርሽ ነው አልኳት። "መድኃኒትሽን ካቆምሽ እንደ አባዬ እንዳላገኝሽ እፈራለሁ። ሌሊት እንቅልፍ የለኝም።"

እናቴ ሹራቡን አጣጥፋ ወደ ቦርሳዋ ከተተችው። ማክሰኞ እመጣለሁ አለች። ክሩ ጥሩ ክር ነው፣ እንዲሁ የሚጣል አይደለም፣ መቼም መጠበቄ ስለማይቀር ወረፋ ላይ ሆኜ እተረትረዋለሁ፤ ግማሹ ካለቀልኝ ግማሹን ቤት እጨርሳለሁ አለች። ማሽኔ ላይ ያላት እምነት ይህን ያህል እንደሆነ ሳውቅ አልተከራከርኳትም።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ደረሰች። መስኮቱ ላይ ስሟን ተናግራ ወደ አግዳሚው ሄደች፤ እኔም ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ። መነጽሯን አደረገች፣ ሹራቡን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች፣ ነጭ አበቦቹን ገለል አድርጋ ክሩ ያለቀበትን ቋጠሮ መፈለግ ጀመረች። ሰፊ ጊዜ እንዳለው ሰው ተደላድላ ነበር የተቀመጠችው። ያን ጊዜ እትዬ ከመስኮታቸው፣ "ቲቸር፣ ይግቡ" አሉ።

እናቴ ቀና አላለችም። "ቆዩ እንጂ፣ ጫፉን ገና አላገኘሁትም" አለች።

አግዳሚው ላይ ያለው ሰው ሳቀ። አጠገቧ ያሉ አንድ ሽማግሌ፣ እመት፣ ይግቡ፣ እኛም ተከታትለን ልንገባ ነው አሏት። እናቴ መነጽሯን አውልቃ ስክሪኑን አየች። ክቧ የለችም። ሹራቡን እኔ ጉልበት ላይ ጣል አድርጋ ተነሣች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዘወር አለች።

"ልጄ ነው" አለቻቸው።

ግፊቷ ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ሐኪሙ ተቆጣት፣ እሷም ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጣውን አንገቷን ደፍታ ተቀበለች። መድኃኒቷን በፌስታል ይዛ ስትወጣ እኔ እዚያው አግዳሚው ላይ ነበርኩ፤ ሰማያዊውን ሱፍ አገላብጬ አገላብጬ ጫፉን እየፈለግኩ ነበር። ሰዓቷን አየች፣ እኔን አየች።

"ዘገየህ" አለችኝ።